የሰንሰለቱን ሥርዓት የገለጡት ፕሮፌሰር ጁሊዮ ናታ

በአገራችን ገበያዎች እህል የሚቋጠርበት ነጭ ከረጢት ማዳበሪያ የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ከቀድሞ ይዘቱ ነው። የአፈር ማዳበሪያ ታሽጎበት ወደ ገጠር ይገባ ስለነበር፣ ማዳበሪያው በማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ስሙ ለከረጢቱ ቀርቷል። ጤፍም ሲሚንቶም ከሰልም የሚጫንበት ይህ ከረጢት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ ነው። በጤና ተቋማት የሚገኘው የመርፌ ስሪንጅም ሆነ በየሻይ ቤቱ በረንዳ የሚደረደረው የፕላስቲክ ወንበር በአብዛኛው የሚሠራው ከዚሁ ነገር ነው።

ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አይቀልጥም። ይሁንና በንጥረ ነገር ይዘቱ ከእርሱ ፈጽሞ የማይለይ ሌላ ወገን አለው፤ ይህኛው በክፍል ሙቀት እንኳ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ መሰል ነገር ነው። ሁለቱም የተሠሩት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ነው፤ የአቶሞቻቸው ምጣኔም አንድ ነው። የሚለያዩት በአሰላለፍ ብቻ ነው። ይህን እውነት ለዓለም የገለጡትና ከኢንዱስትሪ ጋር ያገናኙት ጣሊያናዊው የኬሚካል መሐንዲስ ፕሮፌሰር ጁሊዮ ናታ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁሊዮ ናታ የካቲት 26 ቀን 1903 በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፖርቶ ማውሪዚዮ ከሕግ ባለሙያ ቤተሰብ ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጄኖቫ ያጠናቀቁት ገና በ16 ዓመታቸው ነበር። በመጀመሪያ ሒሳብ ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸውን ወደ ሚላኖ ፖሊቴክኒክ አዞሩ፤ በዚያም በ1924 በ21 ዓመታቸው በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቁ።

ወጣቱ መሐንዲስ የምርምር ሕይወታቸውን የጀመሩት በፕላስቲክ አልነበረም። በወቅቱ አዲስ የነበረው የኤክስሬይ ጥናት ስቧቸው ነበር። ኤክስሬይ አቶሞቹ በሥርዓት በተደረደሩበት ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ይበተንና በፎቶ ፊልም ላይ ነጠብጣብና ቀለበት ይተዋል። ከዚያ ምስል ተነሥቶ የአቶሞቹን አቀማመጥ ማስላት ይቻላል። ሥርዓት የሌለው ነገር ግን የሚተወው ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነው። ናታ ይህን ጥበብ ለዓመታት የተለማመዱት በማዕድናትና በኬሚካል ለውጥ አፋጣኞች፣ ማለትም በካታሊስቶች ላይ ነበር፤ ከካርቦን ሞኖክሳይድና ከሃይድሮጅን ሜታኖል የማምረት ሥራም በዚያው ዘመን ካተኮሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። ለኋለኛው ግኝታቸው ዋናው መሣሪያ የተሳለው በእነዚህ ዓመታት ነው ማለት ይቻላል።

በ1932 ወደ ጀርመን ፍራይቡርግ ተጓዙ። በዚያ የነበሩት ፕሮፌሰር ሄርማን ሽታውዲንገር እንደ ላስቲክና እንደ ጥጥ ያሉ ነገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች እየተያያዙ ከሚሠሯቸው እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች የተገነቡ መሆናቸውን ከ1920 ጀምሮ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ብዙ ባልደረቦቻቸው ሐሳቡን ሲያጣጥሉባቸው የኖሩት እኚህ ሊቅ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1953 ነው። ናታ ከፍራይቡርግ ሲመለሱ በኤክስሬይ ይመረምሯቸው ከነበሩት ክሪስታሎች ጎን እነዚህን ረጃጅም ሰንሰለቶች የማጥናት ፍላጎት ይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ የማዕረግ ዕድገታቸው ፈጣን ሆነ። በ1933 በፓቪያ፣ በ1935 በሮም፣ በ1937 በቶሪኖ በፕሮፌሰርነት አገለገሉ። በ1938 ደግሞ ወደ ሚላኖ ፖሊቴክኒክ ተመልሰው የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ክፍሉን በኃላፊነት ያዙ። ወንበሩ የተለቀቀበት ምክንያት ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ ከእርሳቸው በፊት ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ማሪዮ ጃኮሞ ሌቪ አይሁዳዊ በመሆናቸው በዚያው ዓመት በወጣው የፋሺስት መንግሥት የዘር ሕግ ከሥራቸው ተባርረው ነበር።

የዚያ መንግሥት ሌላ ድርጊትም በናታ የሥራ መስመር ላይ አሻራውን ትቷል። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1935 ኢትዮጵያን በግፍ በመውረሩ የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ወረራውን ለመግታት አቅም ባይኖረውም ሮም ከውጭ የምታስገባቸውን ጥሬ ዕቃዎች በአገር ውስጥ ምርት የመተካት ፖሊሲ እንድታውጅ ምክንያት ሆኗታል። ከእነዚህ ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ላስቲክ ነበር። ናታ በ1938 ሰው ሠራሽ ላስቲክ በጣሊያን የማምረት ምርምር እንዲያካሂዱ ተመደቡ፤ ለዚህም የሚያስፈልገውን ቡታዳይን የተባለ ጋዝ አጣርቶ የመለየት ዘዴ አዘጋጁ። ላስቲክ የማግኘት ፍላጎት ከእርሳቸው ጋር እስከ 1954 ዘልቋል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1947፣ ሞንቴካቲኒ ከተባለው ትልቅ የጣሊያን የኬሚካል ኩባንያ ኃላፊ ከፒዬሮ ጁስቲኒያኒ ጋር አሜሪካን ጎበኙ። በዚያ የኬሚካል ኢንዱስትሪው ከድንጋይ ከሰል ወደ ነዳጅ ዘይት እየዞረ መሆኑን ተመለከቱ። ከጉብኝቱ በኋላ ኩባንያው የፖሊቴክኒኩን ምርምር በገንዘብ መደገፉን፣ ወጣት ምሩቃንንም በናታ ሥር ማሠልጠኑን አጠናከረ። በዩኒቨርሲቲና በኢንዱስትሪ መካከል የዚህ ዓይነት ትስስር በወቅቱ በጣሊያን የተለመደ አልነበረም።

በ1952 ናታ በፍራንክፈርት ከተማ አንድ ንግግር አዳመጡ። ተናጋሪው በሙልሃይም የማክስ ፕላንክ የከሰል ምርምር ተቋም ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ካርል ሲግለር ነበሩ። ሲግለር በአሉሚኒየም ውሁዶች አማካይነት የኢታይሊን ጋዝ ሞለኪውሎችን እየቀጣጠሉ አጫጭር ሰንሰለቶች መሥራታቸውን አስረዱ። ናታ የነገሩን ክብደት ወዲያው በመረዳት ሞንቴካቲኒ ከሲግለር ጋር ስምምነት እንዲፈራረም አደረጉ፤ በ1953 መጀመሪያም ሦስት ወጣት ጣሊያናውያን ኬሚስቶች ሥራውን ከሥሩ እንዲማሩ ወደ ሙልሃይም ተላኩ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የሲግለር ቡድን ትልቁን በር ከፈተ። የአሉሚኒየሙ ውሁድ ከቲታኒየም ክሎራይድ ጋር ሲቀላቀል የኢታይሊን ጋዝ ያለ ከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ወደ ረጅም ሰንሰለት፣ ወደ ፖሊኢታይሊን፣ ተለወጠ። ፖሊኢታይሊን ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በ1933 በእንግሊዝ ተገኝቶ ከአንድ ሺህ በሚበልጥ የከባቢ አየር ግፊት ይመረት ነበር። አዲሱ ምርት ግን ከቀድሞው ይልቅ ጠንካራና ደረቅ ከመሆኑም በላይ የሚቀልጠውም በላቀ ሙቀት ነበር።

ምክንያቱ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ቅርንጫፉ ተመልምሎ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና በአንድነት ሲታሰር ጎን ለጎን ተጣብቆ ጥብቅ እስር ይሆናል። ቅርንጫፉ ያልተመለመለ እንጨት ግን የቱንም ያህል ቢጠፈር በመካከሉ ክፍተት ይተዋል። በከፍተኛ ግፊት የሚሠራው ፖሊኢታይሊን ቅርንጫፍ የበዛበት ሰንሰለት ነው፤ በመሆኑም ሰንሰለቶቹ በሚገባ ተቀራርበው ክሪስታል ለመሥራት ይቸገራሉ፣ 110 ዲግሪ ገደማም ይቀልጣሉ። የሲግለር ሰንሰለት ቅርንጫፍ አልባ በመሆኑ በብዛት ይሰደራል፤ የሚቀልጠውም ከ130 ዲግሪ በላይ ነው። ስስ ፌስታልና ጠንካራ ጀሪካን ከአንድ ዓይነት ጋዝ ተሠርተው በጠባይ የሚለያዩት በዚህ የተነሣ ነው።

ናታ ከኢታይሊን ይልቅ የነዳጅ ማጣሪያዎች ርካሽ ተረፈ ምርት ወደሆነው ወደ ፕሮፒሊን አተኮሩ። ፕሮፒሊን ከኢታይሊን የሚለየው ሜቲል የተባለ ትንሽ የአቶሞች ስብስብ በጎኑ በመያዙ ነው። የጎን ስብስቡ ሰንሰለቶቹ እንዳይቀራረቡ ስለሚያደርግ ውጤቱ ላስቲክ ሊሆን ይችላል የሚል ተስፋ ነበራቸው። መጋቢት 11 ቀን 1954 ወደ ሙልሃይም ከተላኩት ወጣቶች አንዱ የነበሩት ፓኦሎ ኪኒ ሙከራውን በሚላኖ አካሄዱ። ናታም በዕለቱ ፖሊፕሮፒሊን መሠራቱን በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ በአጭሩ መዘገቡ።

ከምላሽ ዕቃው የወጣው ነገር ለዓይን የሚስብ አልነበረም። ከፊሉ ላስቲክ መሰል፣ ከፊሉ ነጭ ጠጣር የሆነ ድብልቅ ነበር። ሌላ ተመራማሪ ቢሆን የላስቲኩን ክፍል ወስዶ የቀረውን እንደ እንከን በቆጠረው ነበር። የናታ ቡድን ግን ድብልቁን በአሴቶን፣ በኤተር፣ ቀጥሎም በፈላ ሄፕቴን ተራ በተራ አጠበ። በመጀመሪያ ተጣባቂው፣ ከዚያም መካከለኛው ክፍል ሟሟና ተለየ። በመጨረሻ የትኛውም ያላሟሟው ነጭ ዱቄት ቀረ። ዱቄቱ የሚቀልጠው 160 ዲግሪ ገደማ ነበር።

የኤክስሬይ ሥልጠናው ፋይዳ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። ገና ወጣት የነበሩት ፓኦሎ ኮራዲኒ ከዱቄቱ የተሳበ ክር በኤክስሬይ ሲያነሡ ፊልሙ ላይ ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ታዩ። ሰንሰለቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠማዘዘ ሲሆን በየሦስት ክፍሎቹ አንድ ዙር ይፈጽማል፤ የአንዱ ዙር ርዝመትም 0.65 ናኖ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ድግግሞሽ ሊኖር የሚችለው ሁሉም የሜቲል ስብስቦች ከሰንሰለቱ በአንድ በኩል ከተሰለፉ ብቻ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ረድፍ የሚጓዙ ሸክም ተሸካሚዎችን ማሰብ ይበቃል። ሁሉም ሸክማቸውን በቀኝ ትከሻቸው ቢይዙ ረድፉ ወጥ ይሆናል፤ ሌላ ተመሳሳይ ረድፍም ተጠግቶት ሊሄድ ይችላል። አንዱ በቀኝ፣ ተከታዩ በግራ እያሉ በየተራ ቢይዙም ሥርዓቱ አይፈርስም። እያንዳንዱ እንዳሻው ከያዘ ግን ረድፎቹ እየተጋጩ መቀራረብ ይሳናቸዋል። የመጀመሪያው ዓይነት ሰንሰለት ኢሶታክቲክ፣ ሁለተኛው ሲንዲዮታክቲክ፣ ሦስተኛው አታክቲክ ተባለ። ከግሪክኛ የተወሰዱትን ስሞች ያወጡት በ1935 ያገቧቸውና የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ የነበሩት ባለቤታቸው ሮዚታ ቤያቲ ናቸው። በኬሚስትሪ ማስተማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የገቡት እነዚህ ቃላት ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከፕሮፌሰሩ ቤት መውጣታቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ጠመዝማዛው የሚፈጠረውም በዚሁ ሥርዓት ምክንያት ነው። በአንድ ወገን የተደረደሩት የሜቲል ስብስቦች ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ቢቆም እርስ በርስ ስለሚጣበቡ፣ ሰንሰለቱ እየዞረ ለእያንዳንዳቸው ቦታ ይሰጣል። የተጠማዘዙት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ሲገጥሙ ክሪስታል ይሆናሉ፤ ክሪስታሉን ለመበተን ደግሞ ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል። አታክቲኩ ሰንሰለት ክሪስታል ስለማይሠራ የሚፈርስ ሥርዓት የለውም፤ ስለዚህ የመቅለጫ ሙቀትም የለውም።

ከናታ ግኝት በኋላ በተከታታይ የተካሄዱ ጥናቶች ሥዕሉን አሟልተውታል። የብሪስቶሉ አንድሪው ኬለር በ1957 እንዳሳዩት፣ የፖሊመር ሰንሰለት ክሪስታል ሲሠራ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ በመታጠፍ 10 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ንጣፍ ይሆናል። ይህ የአንድ ወረቀት ውፍረት አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። ከንጣፎቹ መካከል ሥርዓት የሌለው ክፍል ስለሚቀር ማንኛውም ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ክሪስታል አይሆንም። ንጣፉ በሳሳ መጠን የሚቀልጥበት ሙቀት ይወርዳል። የቀለጠ ፖሊፕሮፒሊን ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሰንሰለቶቹ ለመሰለፍ ጊዜ ስለሚያገኙ ንጣፎቹ ይወፍራሉ፤ በድንገት በበረዶ ውኃ ቢነከር ግን ሥርዓቱ ሳይሟላ ይረጋና ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ለስላሳ ነገር ይሆናል። ይህን ሥርዓቱ በከፊል የተሟላ ሁኔታ ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል ናታና ኮራዲኒ ይገኙበታል።

ሰንሰለቱን ሆን ብሎ ማበላሸትም ጥቅም አለው። በፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለት ውስጥ ጥቂት ኢታይሊን ጣልቃ ቢገባ ክሪስታሉ ይቀንሳል፣ መቅለጫው ዝቅ ይላል፣ ዕቃውም ይበልጥ ጥርት ይላል። ሁለቱ ጋዞች ተቀራራቢ በሆነ መጠን ያለ ሥርዓት ሲደባለቁ ደግሞ ክሪስታል ጨርሶ ይጠፋና ላስቲክ ይገኛል። ናታ ከ1938 ጀምሮ ሲያስቡት የኖሩት ሰው ሠራሽ ላስቲክ በዚህ መንገድ ከራሳቸው ቤተ ሙከራ ወጥቷል፤ ዛሬ በመኪና በሮች ዙሪያ ውኃና አቧራ የሚከላከለው ጎማ በብዛት የሚሠራው ከዚሁ ነው።

ግኝቱ በ1955 መጀመሪያ ላይ ይፋ ሲሆን የፖሊመር ሳይንስን ንድፈ ሐሳብ ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ፖል ፍሎሪ ለናታ በጻፉት ደብዳቤ ውጤቱ ከተራ እድገት አልፎ አብዮታዊ ሊባል የሚገባው መሆኑን ገልጸውላቸዋል። በሙልሃይም ግን ደስታ አልነበረም። ናታ የፖሊፕሮፒሊንን የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ሰኔ 8 ቀን 1954 በጣሊያን አስገብተው ነበር። ሲግለር በራሳቸው መንገድ ፖሊፕሮፒሊን ሠርተው ማመልከቻ ለማቅረብ ሲነሡ ሚላኖ እንደቀደመቻቸው ተረዱ። በስምምነቱ መሠረት የካታሊስቱን ምሥጢር ያካፈሉት ራሳቸው ስለነበሩ እንደተከዱ ተሰማቸው፤ የሁለቱ ሊቃውንት ወዳጅነትም ለዓመታት ሻከረ።

በጉዳዩ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። ያለ ሲግለር ካታሊስት መጋቢት 11 የሚባል ቀን አይኖርም ነበር። ናታ ይህን ባለውለታቸውን በወቅቱ በግልጽ ማሳወቅ ይገባቸው እንደነበር የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ትክክልም ይመስላል። በሌላ በኩል የሙልሃይም ሊቃውንት የማይጠረጠር የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ችሎታ ቢኖራቸውም፣ በነጩ ዱቄት ውስጥ የተሰወረውን ሥርዓት በኤክስሬይ አንብቦ የሚያወጣ ዓይን የነበረው በሚላኖ ነው። ካታሊስቱን ይበልጥ ወጥ ወደሆነ ክሪስታላማ የቲታኒየም ክሎራይድ በመለወጥ የኢሶታክቲኩን ድርሻ ከፍ ያደረጉትም ናታና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

ሞንቴካቲኒ በ1957 በፌራራ ከተማ ፖሊፕሮፒሊንን በኢንዱስትሪ ደረጃ ማምረት ጀመረ። ሞፕለን በሚል የንግድ ስም የቀረቡት ባልዲዎችና ሳፋዎች በጣሊያን ቴሌቪዥን ማስታወቂያ እየታጀቡ ከቆርቆሮና ከኢናሜል ዕቃዎች ቦታውን ተረከቡ። ከ1 ያነሰ እፍግታ ስላለው በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ይህ ፕላስቲክ የፈላ ውኃ ቢቀዳበት ቅርጹን አይለቅም። የሕክምና መሣሪያዎች ከጀርም የሚጸዱበትን የ121 ዲግሪ እንፋሎት መቋቋሙ ደግሞ ቅርንጫፋሙ ፖሊኢታይሊን ከማይገባበት የሆስፒታል ክፍል አስገብቶታል። ወደ ቀጭን ጥብጣብ ተቆርጦ ሲሳብ ሰንሰለቶቹ በመሳቢያው አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ጥንካሬው በእጅጉ ይጨምራል፤ የእህሉ ከረጢት የተሸመነው ከእነዚህ ጥብጣቦች ነው።

ናታ የተራራ ጉዞና እንጉዳይ ለቀማ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው ሥራ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956፣ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴን የሚገድበው የፓርኪንሰን ሕመም እንደያዛቸው ታወቀ። በዚያን ጊዜ ለበሽታው እምብዛም ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። እጃቸው ብዕር ለመያዝ እየተሳነው ሲሄድም ቡድናቸውን መምራታቸውን አላቋረጡም፤ ወጥ ሰንሰለት ያላቸው በርካታ አዳዲስ ፖሊመሮች የተገኙት ከዚህ በኋላ ነው።

የኖቤል ኮሚቴ የ1963ን የኬሚስትሪ ሽልማት ለካርል ሲግለርና ለጁሊዮ ናታ በጋራ ሰጠ። ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩት ሁለቱ ሰዎች ታኅሣሥ 10 ቀን በስቶክሆልም በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። ሕመሙ በርትቶባቸው የነበሩት የ60 ዓመቱ ናታ ሽልማቱን የተቀበሉት በሰው ድጋፍ ነበር። በኬሚስትሪ ዘርፍ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያው ጣሊያናዊም ሆኑ።

ባለቤታቸው ሮዚታ በ1968 አረፉ። እርሳቸውም በ1973 በጡረታ ተገለሉ፤ ሲግለር የሞቱትም በዚያው ዓመት ነው። የሁለት ልጆች አባት የነበሩት ፕሮፌሰር ጁሊዮ ናታ ግንቦት 2 ቀን 1979 በቤርጋሞ ከተማ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በእርሳቸው ሞት ያልተቋጨ አንድ ጉዳይ ቀርቶ ነበር። ክሪስታላማ ፖሊፕሮፒሊንን ቀድሞ የሠራው ማን ነው የሚለው ክርክር በአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት የተጀመረው በ1958 ሲሆን፣ በርካታ ኩባንያዎች ተካፍለውበት ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቷል። በመጨረሻ በ1983 የአሜሪካው የባለቤትነት መብት ለፊሊፕስ ፔትሮሊየም ተሰጠ። የኩባንያው ኬሚስቶች ፖል ሆጋንና ሮበርት ባንክስ በ1951፣ ከሚላኖው ሙከራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በክሮሚየም ካታሊስት ከፊሉ ክሪስታላማ የሆነ ፖሊፕሮፒሊን አግኝተው ነበር። ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ሰንሰለቱ በምን ሥርዓት እንደተሰለፈና ስለምን በ160 ዲግሪ እንደሚቀልጥ ያስረዳው ግን የሚላኖው ቡድን ነው።